«ግራፊክሱ 8 ጂቢ ነው» ሲሏችሁ፦ ያገለገለ የጌም ኮምፒውተር አመራረጥ

«ግራፊክሱ 8 ጂቢ ነው፤ የፈለግከውን ጌም ያጫውትሃል» አለኝ ሻጩ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ላፕቶፑ ቀጭን ነው፣ ያምራል፣ «ኮር አይ7» የሚል ስቲከርም ተለጥፎበታል። ማታ ቤት ገብቼ ጂቲኤ 5ን ከፈትኩ። እኔ መሪውን ያዞርኩት ዛሬ፣ መኪናው የታጠፈው በማግስቱ በሉት።

ነገሩን የሚያውቅ ጓደኛዬ መጥቶ ሦስት ቁልፍ ተጫነና ጉዱን አሳየኝ። የግራፊክሱ (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) የራሱ ሜሞሪ 128 ሜጋባይት ብቻ ነበር። 8 ጂቢ የተባለው ከራሙ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ዋና የሥራ ሜሞሪ የሚበደረው ነው። ዊንዶውስ የራሙን ግማሽ ያህል ለግራፊክስ ማበደር ይችላል፤ የኔ ላፕቶፕ ራሙ 16 ስለሆነ ግማሹ 8 ሆነ። ሻጩ ያነበበልኝ እሱን ቁጥር ነው። ምናልባት እሱም አያውቅም ይሆናል። ልመልስ ብል ግን የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ጎረቤቱ ኮምፒውተር ሊገዛ ሲል ይጠራኛል። መገናኛና ቦሌ ያሉ ሱቆችን ስንዞር የምከተለው ቅደም ተከተል ይኸውላችሁ። ታሽጎ የመጣ አዲስ ለሚገዛም ይጠቅማል፤ በዋናነት ግን የጻፍኩት እንደኔ «ስላይትሊ ዩዝድ» ለሚገዛ ነው። የብር ዋጋ አልጠራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ለከርሞ ያስቃል። ዓመተ ምሕረቶቹን ግን ከዚህ በኋላ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ የዕቃዎቹ የልደት ቀን በዚያ ስለሆነ።

1. የጌሙን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ

ሱቅ ገብቶ «ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር አለህ?» ማለት «ለመኪና የሚሆን መንገድ አለ?» እንደማለት ነው። መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ለየትኛው ጌም የሚለውን አስቀድማችሁ ቁረጡ።

ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ቫሎራንት በዝቅተኛ መስፈርቱ የሚጠይቀው ኢንቴል ኤችዲ 4000ን ነው። ይህ በ2012 የወጣ፣ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ውስጥ የተቀበረ ግራፊክስ ነው። ዶታ 2ም ሴቲንጉን ዝቅ ካደረጉለት ብዙ አያስቸግርም። ፊፋ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ከሆነ ቆይቷል፤ ሰዉ ግን ፊፋ ማለቱን አልተወም። የኤፍሲ 25 ዝቅተኛ መስፈርት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጂቢ፣ 8 ጂቢ ራምና 100 ጂቢ ባዶ ቦታ ነው። ሳይበርፓንክ 2077 ደግሞ ከ2023ቱ ማሻሻያ ወዲህ ቢያንስ ጂቲኤክስ 1060 6 ጂቢ፣ 12 ጂቢ ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የማከማቻ ዲስክ) ይፈልጋል። ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ከነጭራሹ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ምስል የሚሠራ ዘዴ) የማይችል ካርድ ላይ አይነሳም። ካርዱ በዘመኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ማለት ነው።

መስፈርቱን ስቲም (ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር) ላይ የጌሙ ገጽ ግርጌ ታገኙታላችሁ። ሁለት ዓምድ አለው፦ ዝቅተኛውና የሚመከረው። ዝቅተኛው ማለት ጌሙ ይከፈታል ማለት ነው፤ ይጣፍጣል ማለት አይደለም። የሚመከረውን ገልብጣችሁ ያዙ።

ለልጅ የምትገዙ ወላጆች ልጁን ጠይቁት። መልሱ ማይንክራፍትና ሮብሎክስ ከሆነ ብዙ ብር ኪሳችሁ ውስጥ ይቀራል።

2. ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ?

በአንድ ዓይነት ብር ዴስክቶፕ ይበልጣል። ስማቸው አንድ ሆኖ እንኳን አቅማቸው አንድ አይደለም። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 3060 ሲወጣ 12 ጂቢ ሜሞሪ ነበረው፤ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው 6 ጂቢ ነው። ዴስክቶፕ ሲበላሽ አንድ ክፍሉን ትቀይራላችሁ። የላፕቶፕ ግራፊክስ ሲቃጠል ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱም (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) አብሮ ሄደ ማለት ነው።

«መብራት ሲጠፋስ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ላፕቶፕ አይጠፋም፣ እውነት ነው። ነገር ግን የጌም ላፕቶፕ ቻርጀሩ ሲነቀል ግራፊክሱ ራሱን ይቆጥባል፣ ጌሙም ይንፏቀቃል። ስለዚህ ባትሪው ሴቭ አድርጎ ለመውጣት እንጂ ለመጫወት አይደለም። ለዚያማ ዴስክቶፕም አነስተኛ ዩፒኤስ ቢገዙለት ለጥቂት ደቂቃ ያቆየዋል። ዶርም የምትኖሩ ወይም ኮምፒውተሩን ለትምህርትም ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ ላፕቶፕ ግዙ። አንድ ቦታ ለሚቀመጥ ግን እኔ ዴስክቶፕ ነው የምለው።

3. ስሙን ማንበብ ተማሩ

ብር የሚበላው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ለጌም ዋናው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ስሙ ውስጥ ያሉት የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ደረጃውን፣ ከፊታቸው ያሉት ትውልዱን ይናገራሉ። አርቲኤክስ 3060 ማለት የ30 ትውልድ፣ 60 ደረጃ ነው። 50 ደረጃ ዝቅ ያለ፣ 70 ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ 4050 ከ3070 ቁጥሩ ስለበለጠ ብቻ አይበልጥም። ኤምኤክስ 150፣ ኤምኤክስ 330 የሚባሉትም የኢንቪዲያ (የአርቲኤክስና የጂቲኤክስ ሠሪ) ናቸው፤ ግን ለቀጫጭን ላፕቶፖች የተሠሩ ደካሞች ናቸው። «ኢንቪዲያ አለው» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለነዚህ ነው።

የሜሞሪው መጠን ደረጃን አይተካም። ቀርፋፋ ካርድ ላይ 4 ጂቢ መለጠፍ ፈጣን አያደርገውም። ዛሬ ላይ ትልልቅ ጌሞችን መጫወት ለሚፈልግ ግን 8 ጂቢ የራሱ ሜሞሪ ያለው ካርድ ቢይዝ እመርጣለሁ፤ አርኤክስ 6600፣ አርቲኤክስ 4060 እንደማለት። ለፊፋና ለጂቲኤ 5 ጂቲኤክስ 1650 እንኳ አሪፍ ያጫውታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈውን ልጠቁማችሁ። ገበያችን ውስጥ ኤችፒ ዜድቡክ፣ ዴል ፕሪሲዥንና ቲንክፓድ ፒ የሚባሉ ያገለገሉ የሥራ ላፕቶፖች አሉ። ግራፊክሳቸው ኳድሮ ይባላል። ሰው «የዲዛይን ነው» ብሎ ይተዋቸዋል። ኳድሮ ቲ2000ን ብትወስዱ ግን ከጂቲኤክስ 1650 ጋር አንድ ዓይነት ቺፕ ላይ የተሠራ ነው። ጌም ያጫውታል። አሮጌዎቹን ኤም ተከታታዮች፣ ኤም1000ኤምና መሰሎቹን ግን እለፏቸው።

ወደ ፕሮሰሰሩ እንምጣ። «ኮር አይ7 ነው» ብቻውን ምንም አይነግርም። «ስንተኛ ጄኔሬሽን?» በሉ። ኮር አይ7-4770 በ2013 የወጣ 4ኛ ትውልድ ነው። ኮር አይ3-12100 በ2022 የወጣ 12ኛ ትውልድ ነው። ሁለቱም 4 ኮር (ስሌቱን የሚሠራ ክፍል) አላቸው። ግን አይ3 የተባለው «ታናሽ» አይ7ቱን በሰፊው ይቀድመዋል። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ መጨረሻ ያለችውን ፊደል እዩ። ዩ ማለት ባትሪ ቆጣቢ፣ ኤች ማለት ጉልበተኛ ነው። አይ7-7500ዩ 2 ኮር ብቻ ሲኖረው አይ5-7300ኤችኪው 4 አለው። ስቲከሩ አይ7 ስለሚል ሰው ግን የመጀመሪያውን ይገዛል። እኔ ራሴ የገዛሁት ያንን ዓይነት ነበር።

ከኢንቴል ተፎካካሪ ከኤኤምዲ በኩል ራይዘን 5 5600 ለብዙ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ስሙ በጂ የሚያልቀው፣ ለምሳሌ 5600ጂ፣ ውስጡ ግራፊክስ አለው። በአንጻሩ የኢንቴል ፕሮሰሰር ስሙ በኤፍ ካለቀ ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ ካልሰካችሁለት ስክሪኑ ጭር ይላል።

ትውልዱ ለሌላም ነገር ይፈለጋል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። አሮጌው ላይ አታልሎ መጫን ይቻላል፤ ብዙ ሱቅም ጭኖ ነው የሚሸጠው። ግን ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0ና ሴኪዩር ቡት የሚባሉ የደህንነት መቆጣጠሪያዎችን ይጠይቃል። ሳያገኛቸው ሲቀር አላስገባም ይላል። ኮምፒውተሩ ይችለዋል፣ ጌሙ ግን በሩን ይዘጋል።

ራም 16 ጂቢ ይሁን። የሚቻል ከሆነ ባለ 8 ሁለት ፍሬ ይሻላል፤ ባለ 16 አንድ ፍሬ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሠራ ይዘገያል፣ በተለይ ግራፊክሱ ከራም የሚበደር ሲሆን። ኤስኤስዲ የግድ ነው። 256 ጂቢ ያለው ዊንዶውስና ሁለት ጌም ይዞ ይሞላልና ከ512 አትውረዱ።

4. ፍላሽ አዘጋጅታችሁ ሂዱ

ባዶ እጅ ሱቅ አይኬድም። አንድ ፍላሽ ላይ እነዚህን በነፃ አውርዱ፦ ጂፒዩ-ዚ፣ ኤችደብሊው ኢንፎ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ ፈርማርክ (ካርዱን በሙሉ ኃይሉ እያሠራ የሚፈትን)። ኢንስቶል ሳያስፈልጋቸው ከፍላሹ የሚነሱትን ቅጂዎች ምረጡ፤ ሻጩ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አትጫኑብኝ ካለ መከራከሪያ አይኖረውም። ዩኒጂን ሄቨንንም ጨምራችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው። የጌም ዓይነት ምስል እያሳየ የሚፈትን ፕሮግራም ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ግን የራሳችሁ ጌም ነው። ውጫዊ ዲስክ ካላችሁ ገልብጣችሁ ሂዱ። ዲስኩን ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት፤ ፋት32 ከ4 ጂቢ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በስቲም አካውንታችሁ ከገባችሁ ስትጨርሱ መውጣት አትርሱ። አንድ የማውቀው ልጅ አካውንቱን ሱቅ ውስጥ ጥሎት ሄዶ ሌላ ሰው ሳምንት ሙሉ ዶታ ሲጫወትበት ከርሟል። ደረጃው ከፍ ብሎ ነው የጠበቀው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

5. ሱቅ ውስጥ፦ ግማሽ ሰዓት ጠይቁ

«ወንድሜ፣ ልገዛ ነው የመጣሁት፤ ግማሽ ሰዓት ስጠኝና ልሞክረው» በሉ። ዕቃውን የሚያምን ሻጭ ቡና አዝዞ ያስቀምጣችኋል። «ምን ያስፈተሻል፣ ዋስትና አለው እኮ» የሚለውን አመስግናችሁ ውጡ።

መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ገብታችሁ «ጂፒዩ» (ግራፊክሱ ማለት ነው) የሚለውን ንኩ። ታች ላይ ሁለት ቁጥር አለ። «ዴዲኬትድ» የሚለው የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው። «ሼርድ» የሚለው ብድር ነው። ሻጩ የሚጠራላችሁ ብድሩን ወይም ድምራቸውን ነው። እናንተ ዴዲኬትዱን ብቻ ያዙ። ለኔ ይህ አንድ ደቂቃ የአንድ ላፕቶፕ ዋጋ ያወጣ ትምህርት ነው።

ቀጥሎ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ። ፎርጅድ ካርድ አለ። አሮጌ ቺፕ ላይ የአዲስ ስም ተጽፎበት ዊንዶውስ ራሱ ይሸወዳል፤ ጂቲኤስ 450 የነበረው 1050 ቲአይ ሆኖ የተሸጠበት ጊዜ አለ። ጂፒዩ-ዚ ካወቀበት ስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፋል። አርኤክስ 580 የምትገዙ ደግሞ «ሼደርስ» የሚለውን እዩ። ትክክለኛው 2304 ነው። 2048 ካለ በ580 ስም የሚሸጥ፣ አቅሙ ወደ 570 የሚጠጋ ነው። ዋጋውን በዚያ ተከራከሩ።

ከዚያ ፈርማርክን ወይም ሄቨንን 15 ደቂቃ አስነሱ፣ ጎኑ ላይ ኤችደብሊው ኢንፎን ክፈቱ። የግራፊክሱ ሙቀት ወደ 80 ዲግሪ ቢጠጋ አትደንግጡ። እየወጣ ሄዶ 90ን ካለፈ፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ከጮኸ ወይም ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብና መስመር ከመጣ ግን ካርዱ ታሟል። ኢተርየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ (በስሌት መመረቱ) ሲያበቃ ሌት ተቀን ሲሠሩ የነበሩ ብዙ ካርዶች ወደ ዓለም ገበያ ወጥተዋል። የተቆፈረበት ሁሉ መጥፎ አይደለም። ግን ፋኑና ፔስቱ (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) ያልቃል፤ ይህ ፈተና ያጋልጠዋል።

የአዲስ አበባን ከፍታም አስቡት። ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ዩቲዩብ ላይ «72 ዲግሪ ነው የሚሠራው» የተባለ ላፕቶፕ እዚህ ከፍ ቢልባችሁ ዕቃው ተበላሸ ማለት አይደለም። ድሬዳዋ ደግሞ አየሩ ከዚህ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱ ግን ያንን መልሶ ይወስደዋል።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የዲስኩን ጤንነትና ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግራችኋል። «ኮሽን» በቢጫ ካያችሁ ዲስኩ ይቀየርልኝ በሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን በኤችደብሊው ኢንፎ እዩ፤ «ዌር ሌቭል» 40 በመቶ ካለ ከባትሪው አቅም ይህን ያህሉ አልቋል።

ከውጭ ቢሮዎች ተሰብስበው የሚመጡ ላፕቶፖች ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው መቆጣጠሪያ) ውስጥ ግቡ፦ ዴል ኤፍ2፣ ኤችፒ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ኤፍ1። ፓስወርድ ከጠየቃችሁና ሻጩ ካላወቀው ተዉት። ነገ ሴኪዩር ቡትን ማብራት ስትፈልጉ የሚከፍትላችሁ አይኖርም።

የቀረው ፈጣን ነው። ኪቦርዱን ሁሉንም ፊደል ጻፉበት፣ ዩኤስቢዎቹን አንድ በአንድ ሰኩ፣ ማጠፊያውን ክፈቱ ዝጉ፣ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ የሞተ ነጥብ ፈልጉ፣ ቻርጀሩ የራሱ መሆኑን አረጋግጡ። 180 ዋት ለሚፈልግ የጌም ላፕቶፕ 90 ዋት ቻርጀር ከሰጡት እየተሰካም ባትሪው ሲያልቅ ታያላችሁ።

6. ብር ያጠራችሁ፦ የቢሮ ዴስክቶፕ እና ካርድ

ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ይቻላል። ይህ መንገድ አሪፍ ነው፤ ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ኬዙን ክፈቱ። እነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላያቸው ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው፣ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ኬብልም የለውም። ሶኬቱም የድርጅቱ የራሱ ስለሚሆን ከገበያ ሌላ ገዝቶ መተካት ያስቸግራል።

መፍትሔው ከማዘርቦርዱ ብቻ መብራት የሚወስድ ካርድ ነው። ያ መሰኪያ የሚሰጠው 75 ዋት ነው። 1050 ቲአይና ጂቲኤክስ 1650 በብዙዎቹ ቅጂዎቻቸው በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በ2024 የወጣው አርቲኤክስ 3050 6 ጂቢ ደግሞ 70 ዋት ነው፤ ሬይ ትሬሲንግም ይችላል። ለዚህ ሥራ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። ኬዙ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ «ሎ ፕሮፋይል» የሚባለውን አጭሩን ካርድ ፈልጉ። መለኪያ ሜትር ይዛችሁ ብትሄዱ የሚስቅባችሁ ሻጭ ይኖራል፤ ይሳቅ።

1050 ቲአይና 1060 የምትገዙ አንድ ነገር ያዙ። ኢንቪዲያ ለዚያ ትውልድ አዳዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ማውጣት በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ያሉት ጌሞች ይሠራሉ፤ ለወደፊቶቹ ግን ማንም ኃላፊነት አልወሰደም።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለ ወደ 230 ግፉት። በ115 እንዳለ እኛ ቤት ብትሰኩት በአንድ ጥይት ድምፅ ነገሩ ያበቃል። ማብሪያ ከሌለውና «100-240» የሚል ከተጻፈበት ችግር የለም።

7. ከከፈላችሁ በኋላ

ደረሰኙ ላይ የሞዴሉ ስም፣ የካርዱ ስም ከነዴዲኬትድ ሜሞሪው፣ ሴሪያል ቁጥሩና የዋስትናው ቀን ይጻፍ። «እኔ አለሁ፣ ደውልልኝ» ዋስትና አይደለም።

ጌም ማውረዱ ላይ ኢንተርኔት አታባክኑ። ስቲም ያለው ጓደኛ ካላችሁ እናንተም የገዛችሁትን ጌም ፎልደሩን በዲስክ ገልብጡና በራሳችሁ ስቲም ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ ኢንስቶል በሉት። ስቲም ያለውን ፋይል ይፈትሽና የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። 100 ጂቢ የነበረው ጥቂት ጂቢ ሆኖ ያርፋል።

ዴስክቶፑን ቤት ስታገጣጥሙ የሞኒተሩን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ሰኩት፤ ከኋላ ታች ያለው ጋደም ያለ መሰኪያ ነው። «አዲስ ካርድ አስገባሁ፣ ምንም ለውጥ የለም» ብለው ከጠሩኝ ሰዎች ሁለቱ ኬብሉን የሰኩት ላይኛው ላይ ነበር። ሞኒተራችሁ 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ) ከሆነም ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ላይ 144ን ምረጡ። ዊንዶውስ አንዳንዴ 60 ላይ ትቶት ይቀመጣል።